ከሱቅ 10 ቁጥር የምለብስ፣ ከወረቀት ፓተርን ስንት ቁጥር ልቁረጥ?

ነጠላ ክር

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ያለሁት ሜሪላንድ ነው፤ ሰመሩ ሳይገባ አንድ ቀሚስ ለራሴ ልሰፋ ነው። የገዛሁት የሲምፕሊሲቲ ኩባንያ የወረቀት ፓተርን፣ ማለትም ጨርቅ የሚቆረጥበት የወረቀት ልክ ነው። እጅጌ የለውም፣ ወገቡ ላይ ሳይቆረጥ ከትከሻ እስከ ጉልበት አንድ ወጥ ሆኖ ይወርዳል፣ ወደ ታች ትንሽ ሰፋ ይላል፣ ከጎን ወደ ጡት የሚገባ ፒንስ (ተቆንጥጦ የሚሰፋ እጥፋት) አለው፣ ጀርባው ላይ ዚፕ። ከሱቅ ስገዛ 10 ቁጥር ልክ ይሆነኛል። የፓተርኑ ፖስታ ጀርባ ላይ ያለውን የልክ ሰንጠረዥ ሳይ ግን ጡቴ በ16 እና በ18 መካከል ነው፣ ወገቤና ዳሌዬ 18 ላይ ይወድቃሉ።

ልኬቴ በኢንች፦ ብብት ሥር አልፎ ከጡት በላይ 36፣ ጡት 39፣ ወገብ 32፣ ዳሌ 42፣ በጀርባ በኩል ከአንገት እስከ ወገብ 15 ተኩል። ቁመቴ 5 ጫማ ከ2።

ሦስት ነገር ልጠይቅ። የትኛውን ቁጥር ልቁረጥ? እጅጌ የሌለው ልብስ ሲሰፋ አንገቱና የክንድ መግቢያው ለምንድን ነው እየተከፈተ የሚቀረው? ሌላው፣ ከአገር ቤት የተላከልኝ ፈትል አለ፤ ለዚህ ፓተርን ይሆናል? ካልሆነ 45 ኢንች ስፋት ያለው ነጭ ጥጥ ልገዛ ነው።

አቡጀዲ

እህቴ፣ የሱቁን 10 እርሺው። የሲምፕሊሲቲ፣ የመኮልስ፣ የበተሪክና የቮግ ፓተርኖች ቁጥር ከሱቅ ቁጥር ጋር ዝምድና የለውም። ሱቆቹ ከጊዜ ወደ ጊዜ በዚያው ቁጥር ልብሱን እያሰፉት መጡ፤ ፓተርን አሳታሚዎቹ ግን የድሮውን ሰንጠረዥ እንደያዙ ናቸው። በነሱ ሰንጠረዥ 14 ማለት ጡት 36፣ ወገብ 28፣ ዳሌ 38 ነው። 16 ደግሞ 38፣ 30፣ 40። 18 ሲሆን 40፣ 32፣ 42።

ይህን አይተሽ 18 ብትቆርጪ ዳሌሽ ላይ ልክ ይመጣል፣ ትከሻሽ ላይ ግን ይወርድብሻል። ቁጥር በጨመረ ቁጥር ትከሻው፣ አንገቱና የክንድ መግቢያው አብረው ስለሚሰፉ ነው። ያንቺ ትርፍ ያለው ጡትሽ ላይ ነው፤ ትከሻሽ ጠባብ ነው። ለዚህ ያለው ደንብ፣ የላይኛው ደረትና ጡት በ2 ኢንችና ከዚያ በላይ ከተለያዩ በጡቱ ምትክ የላይኛውን ደረት ሰንጠረዡ ላይ መፈለግ ነው። ያንቺ 36 ነው፣ ስለዚህ 14 ቁረጪ። የሁለተኛው ጥያቄሽ ግማሽ መልስም እዚሁ ነው፤ ሙሉ ጡት ላላት ሴት በጡቷ ልክ የተቆረጠ ልብስ አንገቱ መከፈቱ አይቀርም።

የጎደለው ለጡቱ ብቻ ይጨመራል። 39 ሲቀነስ 36፣ 3 ኢንች። የፊቱ ወረቀት ከፊት ገላሽ ግማሹን ስለሚይዝ ወረቀቱ ላይ የምትጨምሪው 1 ተኩል ኢንች ነው።

መጀመሪያ ግን ቁመቱን አስተካክዪ። እነዚህ ፓተርኖች የተሠሩት ከ5 ጫማ ከ5 እስከ 5 ጫማ ከ6 ለሆነች ሴት ነው። በ14 ቁጥር ከአንገት እስከ ወገብ በጀርባ 16 ተኩል ኢንች ነው፣ ያንቺ 15 ተኩል። ማሳጠሪያ ተብላ በታተመችው ድርብ መስመር ላይ ከፊቱም ከኋላውም 1 ኢንች ቀንሺ። ቁመት የሚቀድመው ወረቀቱ ከተሰነጣጠቀ በኋላ ቀጥ አድርጎ ማጠፍ ስለሚያስቸግር ነው።

ቀጥሎ የፊቱን ወረቀት ገላሽ ላይ ይዘሽ የጡትሽ ጫፍ የሚያርፍበትን ነጥብ ምልክት አድርጊ። ከዚያ ነጥብ ሦስት መስመር ታወጫለሽ። አንዱ ከመሃል ፊቱ እኩል ርቀት እየጠበቀ ቁልቁል እስከ ቀሚሱ ጫፍ ይወርዳል። ሁለተኛው ሽቅብ ወደ ክንድ መግቢያው፣ ከብብት አንድ ሦስተኛ ያህል ከፍ ብሎ ይደርሳል። ሦስተኛው በፒንሱ መሃል ወደ ጎን ይሄዳል። ከታች ተነስተሽ በነጥቡ በኩል እስከ ክንድ መግቢያው የስፌት መስመር ቁረጪ፤ ግን ጨርሰሽ አትበጥሺው፣ የክር ስፋት ያህል ተዪ። ከጎንም በፒንሱ መሃል ገብተሽ ነጥቡ ጋ ስትደርሺ እንዲሁ ትንሽ ተዪ። አሁን የጎኑን ክፍል ወደ ውጭ ስትስቢው ስንጥቁ ይከፈታል። ነጥቡ ላይ 1 ተኩል ኢንች እስኪሆን፣ ከነጥቡ በታችም ሁለቱ ጠርዞች እኩል ተራርቀው እስኪወርዱ አስተካክዪ። ፒንሱ በዚያው ሰፊ ይሆናል፣ መሆንም አለበት፤ ጡቱን የሚያቅፈው እሱ ነው። የጎኑ ክፍል ወደ ታች ስለሚረዝም በመሃል ፊቱ በኩል ያለውን ቁራጭ ወገብ አካባቢ አግድም ቆርጠሽ የታችኛው ጠርዝ እኩል እስኪመጣ ዝቅ አድርጊው። ክፍተቱን ሁሉ በወረቀት ሙዪና አጣብቂ። የፒንሱን ጫፍ ከነጥቡ 1 ኢንች ወደ ጎን አርቀሽ ሣዪ፤ ነጥቡ ድረስ ከሰፋሽው ጫፉ ላይ ሹል ጉብታ ያወጣል።

እዚህ ላይ አደራ፣ ጡቱን ከጨመርሽ በኋላ ወገቡንና ዳሌውንም እስከ 18 እንዳታሰፊ። የፊቱ ቁራጭ እስከ ታች ድረስ 3 ኢንች አግኝቷል። ወገብ 28 ሲደመር 3፣ 31 ሆነ። ዳሌ 38 ሲደመር 3፣ 41 ሆነ። በሁለቱም ላይ የጎደለሽ 1 ኢንች ብቻ ነው፣ እሱን ከጀርባ አምጪ። የጀርባውን ቁራጭ ክንድ መግቢያው ላይ በ14 ጀምሪ፣ ወገብ ላይ ስትደርሺ ቀስ ብለሽ ወደ 16 መስመር ተሻገሪ፣ በዚያው ጨርሺ። በ14 እና በ16 መካከል ዙሪያውን 2 ኢንች ልዩነት አለ፤ ጀርባው የዚያ ግማሽ ነው። 32 እና 42 ሞላልሽ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰንጠረዡ የገላ ልክ ነው፣ የመንቀሳቀሻው ስፋት ፓተርኑ ውስጥ ታስቦበታል። ተሰፍቶ ያለቀው ልብስ ስንት ኢንች እንደሚሆን ለማወቅ ወረቀቱ ላይ ጡትና ዳሌ አካባቢ መስቀል ያለበት ክብ ምልክት ፈልጊ፤ አጠገቡ ተጽፏል። ነጩን ጥጥ ሳትነኪ ደግሞ መጀመሪያ በአቡጀዲ ጨርቅ ወይም ባረጀ አንሶላ ቁረጪና ረጅም ስፌት ወስውሰሽ ልበሽው። ኪስም ዚፕም አያስፈልገውም፣ ጀርባውን በስፒል ያዢው።

ካውያ

በቁጥሩ ላይ የምጨምረው የለኝም። አንገት የሚከፈትበት ሌላው ግማሽ ምክንያት ግን ጨርቁ ነው። ጎብጦ የተቆረጠ ጠርዝ አብዛኛው ለጨርቁ ክር ሰያፍ ነው፣ ሰያፍ ደግሞ ይለጠጣል። ከጠረጴዛ ስታነሺው፣ ስትለኪው፣ ወንበር ላይ ስታንጠለጥዪው ትንሽ ትንሽ ይረዝማል። ስለዚህ ወረቀቱ እንደተነሳ፣ ፒንሱን እንኳ ሳትሰፊ፣ አንገቱንና ክንድ መግቢያውን ከጠርዙ ግማሽ ኢንች ገባ ብለሽ በነጠላ ጨርቅ ስፊበት። ከአንዱ ትከሻ እስከ መሃል፣ ክሩን ቁረጪ፣ ከዚያ ከሌላው ትከሻ እስከ መሃል። ባንድ ጉዞ ብትዞሪው ግማሹን ከክሩ ፍሰት ጋር ተቃራኒ ስለምትሰፊ ያን ጎን ትለጥጪዋለሽ። ስትጨርሺ ወረቀቱን መልሰሽ አስተኚበት። ጨርቁ ከወረቀቱ ከረዘመ የስፌቱን ክር በስሱ ስበሽ ወደ ልኩ መልሺው።

ፓተርኑ አንገቱን የሚጨርሰው ፌሲንግ በሚባለው ሰፊ የውስጥ ቁራጭ ይሆናል። ለሙቀት አልመክረውም። ደረት ላይ ሁለት ድርብ ጨርቅና ማጠንከሪያ ይሆናል፣ ሲታጠብም ወደ ውጭ እየተገለበጠ ያስቸግራል። በምትኩ 1 ከሩብ ኢንች ስፋት ያለው ሰያፍ ቁራጭ ከዚያው ጨርቅ ቁረጪ። የአንገቱ የስፌት ትርፍ (ከስፌቱ መስመር እስከ ጠርዙ ያለው) 5/8 ኢንች ነው፤ 3/8 ቆርጠሽ ጣዪና ሩብ ኢንች አስቀሪ። ሰያፉን የጨርቁን መልካም ፊት በመልካሙ ፊት ገጥመሽ፣ ጉብጠቱ ላይ ሳብ እያደረግሽው፣ በሩብ ኢንች ስፊ። ትርፉን በየግማሽ ኢንቹ እስከ ስፌቱ አፋፍ በመቀስ ጫፍ ንኪ። ከዚያ ሰያፉን ገልጠሽ ትርፉን ከሥሩ አስተኚና ከስፌቱ መስመር 1/8 ኢንች ርቀሽ ሰያፉ ላይ ብቻ ስፊ። ይቺ ስፌት ከውጭ አትታይም፤ ሰያፉ ወደ ውስጥ እንዲተኛ የምታስገድደው እሷ ናት። በመጨረሻ ጠርዙን አጥፈሽ ከውስጥ ዘምዝሚው። ክንድ መግቢያውም እንዲሁ።

ስለ ነጩ ጥጥ። እ.ኤ.አ. በ2025 ጆአን የተባለው ጨርቅ ሻጭ ሱቆቹን ሁሉ ከዘጋ ወዲህ ብዙ ሰው ጨርቅ የሚገዛው ሳይነካ በኢንተርኔት ነው፤ ስለዚህ የካሬ ሜትር ክብደቱን አንብቢ። ነጭ ሆኖ ከ120 ግራም በታች ከሆነ ገላ ያሳያል፣ ገበር ይፈልጋል። ከ120 እስከ 150 ያለው ለብቻው ይለበሳል። ሊነን ከሆነ ከ150 በላይ ቢሆንም አየር ያስገባል። ኪስ ካለው የኪሱን ከረጢት በነጭ አትቁረጪው፣ ነጭ በነጭ ሥር ቅርጹ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከቆዳሽ ቀለም ጋር የሚቀራረብ ጨርቅ ተጠቀሚ።

ፖስታው ለ45 ኢንች ስፋት ከሚለው ያርድ ላይ ሩብ ያርድ ጨምረሽ ግዢ፣ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ስለሚሰበሰብ። ሳትቆርጪ በፊት ጫፎቹን ዚግዛግ ስፊና ወደፊት ቀሚሱን በምታጥቢበት መንገድ እጠቢው። ማድረቂያ ማሽን ውስጥ የምታስገቢው ከሆነ አሁኑኑ አስገቢው። ከዚያ ተኩሺ። ወረቀቱን ጨርቁ ላይ ስታስቀምጪ እላዩ የታተመውን ቀስት ሁለት ጫፎች እስከ ጨርቁ ዳር ለኪ፤ አንዱ 9 ሌላው 9 ከሩብ ከሆነ አልተስተካከለም። ያቺ ሩብ ኢንች ቀሚሱ ሁለት ሦስቴ ከታጠበ በኋላ የጎኑን ስፌት ወደ ፊት ታዞረዋለች።

መርፌ 70 ቁጥር፣ ለሊነን 80። የስፌት ርዝመት 2 ነጥብ 5 ሚሊ ሜትር። ስሱ ጥጥ መጀመሪያው ላይ በማሽኑ ጥርስ ቀዳዳ እየተዋጠ ካስቸገረ ትርፍ ቁራጭ ላይ መስፋት ጀምሪና ሳታቆሚ ወደ ቀሚሱ ተሻገሪ። ስፌቱ ከተጨማደደ ክሩን ከማላላትሽ በፊት መርፌውን ቀይሪ፣ አብዛኛውን ጊዜ የደነዘዘው እሱ ነው።

ጥለት

ፈትሉን ለዚህ ፓተርን አትቁረጪው። ጥለቱ ጨርቁ ጫፍ ላይ ቀጥ ብሎ ነው የተሸመነው፤ ያንቺ ቀሚስ ወደ ታች ስለሚሰፋ ጫፉ ጎብጦ ነው የሚቆረጠው። ቀጥ ያለ ጥለት ጉብጠትን አይከተልም። ወይ ጥለቱ በጎን በኩል ተቆርጦ ይቀራል፣ ወይ ቀሚሱ በጎንና በጎን ተንጠልጥሎ ይረዝማል። ስፋቱም የመመሪያው የአቆራረጥ ሥዕሎች ከታሰቡበት 45 እና 60 ኢንች ጋር ስለማይመጣ ወረቀቶቹ አይገጥሙልሽም። ሽመናው ልል ነው፣ 5/8 የስፌት ትርፍ ሁለቴ ከታጠበ ይፈታል። ለጡቱ ሲባል ስፋት የተጨመረለት ፒንስ ደግሞ በእጅ በተፈተለ ክር ላይ ወፍራም ሆኖ ይቆማል።

ለፈትል የሚሆነው ወገቡ ላይ የተቆረጠ፣ ታችኛው ክፍል ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ሆኖ የሚሸበሸብ ፓተርን ነው። ላይኛውን ከሜዳው ክፍል ቁረጪና ሙሉ ለሙሉ በስስ ጥጥ ገበር አድርጊለት፣ ስፌቱ የሚሸከመው ገበሩ ነው። ለጉርዱ የወገብሽን ሁለት እጥፍ ያህል፣ ማለትም 64 ኢንች ስፋት እስኪሞላ ቁራጮቹን አገጣጥሚ። ጥለቱ መጋጠሚያው ላይ እንዲመሳሰል ከጥለቱ ጀምረሽ ወደ ላይ በስፒል ያዢ እንጂ ከወገብ ወደ ታች አትምጪ። ቁመቱንም ከጥለቱ ወደ ላይ ለክተሽ ትርፉን ወገብ ላይ ቁረጪ፤ ታች ምንም አይታጠፍም።

የጥለቱን ቀለም ሳትፈትሺ እንዳታጥቢው። አንዱን ጥግ አርጥበሽ በነጭ ጨርቅ ጨብጠሽ ቆዪ፤ ቀለም ከለቀቀ ለብቻው፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ሳይዘፈዘፍ ይታጠብ።

ነጠላ ክር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፈትሉን አስቀመጥኩት። በአቡጀዲ ሰፍቼ ለበስኩት፤ ትከሻውና አንገቱ ቁጭ ብሏል፣ ፊቱም ጥሩ ነው። ጀርባው ግን ወገብ ላይ አግድም ተጨማዶ ይሰበሰባል። ጀርባው ረዝሞ ነው እንዳልል 1 ኢንች ቀንሼለታለሁ። የጎኑ ስፌትም ዳሌ ላይ ወደ ኋላ የተሳበ መሰለኝ። ደግሞ እህቴ ዱባይ ናት፣ ያንኑ ፓተርን በፒዲኤፍ ገዝታ ልታትም ነው፤ የምትጠነቀቀው ነገር አለ?

ቀይ መቀስ

አቡጀዲ ያለው ሒሳብ ድምሩ ልክ ነው፣ አከፋፈሉ ላይ ግን አልስማማም። 3 ኢንቹ በሙሉ ፊት ላይ ነው ያለው። ዳሌዋ ወደ ኋላ ለሆነ ሴት ጀርባው ይጠባታል። ጨርቁ ዳሌውን ማለፍ ሲያቅተው ሽቅብ ይወጣና ጠበብ ያለው ወገብ ላይ ይከማቻል። አንቺ የምታዪው ጭምድድ እሱ ነው፤ የጎኑ ስፌት ወደ ኋላ መሳቡም ይህንኑ ይመሰክራል።

እርግጠኛ ለመሆን እንደለበስሽው ከወገብ በታች የጎኑን ስፌት ሁለቱንም ፍቺ። ጭምድዱ ወርዶ ከጠፋ ጥበት ነው። ስፌቱ ተፈቶም ካልጠፋ ጀርባሽ ወገብ ላይ ወደ ውስጥ የገባ ነው፤ ያኔ የተጨማደደውን አግድም በስፒል ቆንጥጠሽ፣ መሃል ጀርባው ላይ ያለውን ልክ ወረቀቱ ላይ አጥፈሽ፣ ጎን ላይ ስትደርሺ ዜሮ አድርጊው።

ጥበት ከሆነ ከወገብ በታች ከፊቱ ጎን ግማሽ ግማሽ ኢንች ቀንሰሽ ለጀርባው ጎን ግማሽ ግማሽ ኢንች ጨምሪ። ድምሩ 42 እንደሆነ ይቆያል፣ የጎኑ ስፌት ግን ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ከወገብ በላይ አትንኪው።

አቡጀዲ

ቀይ መቀስ ልክ ነህ ወይም ልክ ነሽ። ልኬት ዙሪያውን እንጂ ፊትና ኋላውን አይናገርም፤ ለዚህ ነው በአቡጀዲ መሞከር ያለበት። ነጠላ ክር፣ እንደተባለው አድርጊና ያስተካከልሽውን ወረቀት በአዲስ ወረቀት ገልብጠሽ አስቀምጪ፣ የጀርባውን ጎንና የፊቱን ጎን ርዝመት ፒንሱን አጥፈሽ አስተያዪ። ከ1/8 ኢንች በላይ ከተለያዩ ፒንሱ አዘጋግ ላይ ስህተት አለ።

ካውያ

ስለ ፒዲኤፉ፦ ዱባይ ያለው ወረቀት ኤ4 ነው፣ አሜሪካ ሌተር ነው። ኤ4 ጠበብና ረዘም ይላል። ስለዚህ ማተሚያው በገጹ ልክ አሳንስ የሚለውን ምርጫ ከያዘ ፓተርኑ ሳይታወቅ ይቀንሳል። ወደ 97 ከመቶ ቢወርድ 39 ኢንች የነበረው 38 እንኳ አይሞላም፤ ልብሱ ካልተሰፋ በስተቀር በዓይን አይለይም። መጠኑን 100 ከመቶ ታድርግና ልኩ የተጻፈበት መለኪያ ሳጥን ያለበትን ገጽ ብቻ መጀመሪያ ታትም። ሳጥኑን በጨርቅ ሜትር ሳይሆን በማስመሪያ በሁለቱም አቅጣጫ ትለካው፣ ያረጀ የጨርቅ ሜትር ራሱ ይረዝማል። ሳጥኑ ልክ ከሆነ ሌላውን ታትም።

ቡርዳ የሚባለውን የስፌት መጽሔትም ካገኘች አንድ ነገር ትወቅ። እሱ ላይ የስፌት ትርፍ የለም፤ መስመሩ ራሱ የሚሰፋበት ነው። ከተደራረቡት ባለ ቀለም መስመሮች የራሷን ቁጥር በስስ ወረቀት ከገለበጠች በኋላ ለጎንና ለትከሻ 1 ነጥብ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ለታች ጠርዝ 4 ሴንቲ ሜትር ራሷ ትጨምር። በገለበጠችው ወረቀት ላይ ትርፉ መጨመሩን በትልቁ ትጻፍበት፤ በሚቀጥለው ሰመር ስታወጣው ይጨመር አይጨመር የሚነግራት ሌላ ምልክት የለም።